የሳይበር ትንኮሳ

የሳይበር ትንኮሳ ማለት በስልክ፣ በኮምፒውተር ወይም በማህበራዊ ሚዲያ አንድን ሰው ሆን ብሎ፣ አብዛኛውን ጊዜም ደጋግሞ፣ መስደብ፣ ማስፈራራት፣ ማዋረድ ወይም ምስጢሩን ማውጣት ነው። በኢንተርኔት ላይ የራስንና የሌላውን ሰው ክብርና ደህንነት ጠብቆ የመኖር ልማድ ደግሞ ዲጂታል ዜግነት ይባላል።

ትንኮሳው በትምህርት ቤት ግቢ ከሚታወቀው ጉልበተኝነት በሦስት ነገር ይለያል። ተማሪው ቤቱ ቢገባም አይቆምም። አድራጊው በውሸት አካውንት ሊደበቅ ይችላል። የተለጠፈው ነገር ከተሰረዘ በኋላም በሌሎች ሰዎች ስልክ ላይ ሊቀር ይችላል። ዩኒሴፍ በ2019 እ.ኤ.አ. በ30 አገሮች ባደረገው መጠይቅ ከሦስት ወጣቶች አንዱ የኢንተርኔት ትንኮሳ እንደደረሰበት ተናግሯል። ከአምስት ወጣቶች አንዱም በዚሁ ምክንያት ከትምህርት ቤት ቀርቷል።

የሚታዩ መልኮች

• በክፍል የቴሌግራም ግሩፕ ላይ በአንድ ተማሪ መልክ፣ ድህነት፣ ብሔር ወይም አነጋገር ማሾፍ፤
• በሌላ ሰው ስምና ፎቶ አካውንት ከፍቶ አሳፋሪ ነገር መጻፍ፤
• የሰውን አድራሻ፣ ስልክ ቁጥር ወይም የግል መልእክት ያለፈቃዱ መበተን፤
• የግል ምስል ይዞ ገንዘብ ወይም ሌላ ምስል መጠየቅ፤
• ፎቶን በሰው ሠራሽ አስተውሎት ቀይሮ የተራቆተ ማስመሰል።

በኢትዮጵያ

በ2022 እ.ኤ.አ. ዩኒሴፍ፣ ኤክፓትና ኢንተርፖል በኢትዮጵያ ያደረጉት ጥናት ወጥቷል። በጥናቱ መሠረት ከ12 እስከ 17 ዓመት ዕድሜ ካላቸውና ኢንተርኔት ከሚጠቀሙ ልጆች 10 በመቶ የሚሆኑት በአንድ ዓመት ውስጥ በኢንተርኔት አማካኝነት ወሲባዊ ጥቃት ወይም ብዝበዛ ደርሶባቸዋል።

በጽሑፍ የተጀመረ ነገር ወዴት ሊሄድ እንደሚችል ከሚያሳዩት ጉዳዮች አንዱ በባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር የነበሩት የፕሮፌሰር መዓረግ አማረ ነው። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ፎቷቸውና ማንነታቸው ከውንጀላ ጋር በፌስቡክ ላይ ተሠራጨ። ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. በቤታቸው ደጃፍ በጥይት ተገደሉ። ልጃቸው አብርሃም መዓረግ ጽሑፎቹ እንዲነሱ ለኩባንያው አመልክቶ በጊዜው ምላሽ እንዳላገኘ በመግለጽ ከሌሎች ጋር ሆኖ በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. የፌስቡክን ባለቤት ሜታን በኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከሰሰ። ፍርድ ቤቱ በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ጉዳዩን የማየት ሥልጣን እንዳለው ወስኗል።

እንደ ቡታጅራና ወልቂጤ ባሉ ከተሞች ትንኮሳው የራሱ ጠባይ አለው። ሰው በሰው ይተዋወቃል። ስለ አንዲት ተማሪ በመስቃን የተለጠፈ ወሬ በዚያው ቀን አዲስ አበባ፣ መርካቶ ላሉ ዘመዶቿ ሊደርስ ይችላል። ከገጠር ቀበሌ መጥተው በከተማ ቤት ተከራይተው የሚማሩ ልጆች ደግሞ ማታ የሚያማክሩት ወላጅ አጠገባቸው የለም። ስድቡ በጉራጊኛ ቋንቋዎች ከተጻፈ የኩባንያዎቹ ማጣሪያ ሊያልፈው ስለሚችል ሪፖርት ማድረጉ በይበልጥ በተጠቃሚው ላይ ይወድቃል።

ሕጉ

የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 24 የክብርና የመልካም ስም መብትን፣ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት መከበርን፣ በአንቀጽ 36 የሕፃናትን መብት ይደነግጋል። ትንኮሳን በቀጥታ የሚመለከተው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ነው። በአንቀጽ 13 መሠረት፦

• በጽሑፍ፣ በምስል ወይም በድምፅ ሌላውን ሰው ወይም ቤተሰቡን በከባድ ጉዳት ማስፈራራት እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት፣ ከባድ ሲሆን እስከ 5 ዓመት ፅኑ እስራት ያስቀጣል።
• መረጃ ደጋግሞ በመላክ ወይም ግንኙነቱን በመከታተል በሰው ላይ ፍርሃትና የሥነ ልቦና ጫና መፍጠር እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራት፣ ከባድ ሲሆን እስከ 10 ዓመት ፅኑ እስራት ያስቀጣል።
• ስም የሚያጠፋ ነገር ማሠራጨት ተበዳዩ አቤቱታ ሲያቀርብ ያስቀጣል።

የአዋጁ አንቀጽ 12 ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆችን የሚመለከቱ ወሲባዊ ምስሎችን ማዘጋጀትና ማሠራጨትን ይከለክላል። በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በፆታ ወይም በአካል ጉዳት ላይ የተመሠረተ ጥላቻን መቀስቀስ በአዋጅ ቁጥር 1185/2012 ወንጀል ነው። አድራጊው ተማሪ ቢሆንም ከተጠያቂነት አያመልጥም፤ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ከ9 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆች ለዕድሜያቸው የተለዩ እርምጃዎች ይወሰኑባቸዋል።

ትንኮሳ ሲደርስ

1. መልስ አለመስጠት። አድራጊው የሚፈልገው ብዙውን ጊዜ ንዴቱን ነው፤ በስድብ የተሰጠ መልስም በኋላ ማስረጃ ሆኖ በመላሹ ላይ ሊቀርብ ይችላል።
2. ማስረጃ መያዝ። ከብሎክ በፊት ስሙን፣ የአካውንቱን መለያ፣ ቀኑንና ሰዓቱን የሚያሳይ ስክሪንሻት ማንሳት ያስፈልጋል። በቴሌግራም የግል ውይይት ላኪው መልእክቱን ከሁለቱም ስልክ ማጥፋት ስለሚችል መዘግየት ማስረጃን ያሳጣል። ሆኖም የልጅን የተራቆተ ምስል መቅዳትና ማስተላለፍ አይገባም፤ አካውንቱንና የማስፈራሪያ ጽሑፉን መያዝ ይሻላል።
3. ሪፖርትና ብሎክ ማድረግ። ብዙ ጓደኞች ከሚሰዳደቡ ይልቅ እያንዳንዳቸው ትክክለኛውን ምክንያት መርጠው ሪፖርት ቢያደርጉ ይጠቅማል።
4. ለሚታመን ሰው መንገር። ወላጅ፣ ታላቅ ወንድም ወይም እህት፣ የክፍል ተጠሪ መምህር ወይም የትምህርት ቤቱ አማካሪ ሊሆን ይችላል።
5. ዛቻ፣ ማስገደድ ወይም የግል ምስል ካለበት ለፖሊስና ለሴቶችና ማህበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ማመልከት።

በምስል ለሚያስፈራራ ሰው ገንዘብ ወይም ሌላ ምስል መስጠት አይመከርም፤ የተከፈለው ብዙ ጊዜ አዲስ ጥያቄ ያመጣል። በካናዳ አማንዳ ቶድ የተባለች ልጅ በእንዲህ ዓይነት ማስፈራሪያ ተሠቃይታ በ2012 እ.ኤ.አ. በ15 ዓመቷ ሕይወቷ አልፏል። በውሸት ስሞች ያስፈራራት ሰው በኔዘርላንድ ተገኝቶ በ2022 እ.ኤ.አ. በካናዳ ፍርድ ቤት 13 ዓመት እስራት ተፈርዶበታል።

ከ18 ዓመት በታች ላሉ ቴክ ኢት ዳውን፣ ከዚያ በላይ ላሉ ስቶፕ ኤንሲአይአይ የሚባሉ ነፃ አገልግሎቶች አሉ። ከምስሉ ሃሽ የሚባል መለያ ያሰሉና መለያውን ብቻ ለተባባሪ መድረኮች ይልካሉ፤ ምስሉ ራሱ ከስልኩ አይወጣም። አገልግሎቱን በማይቀበሉ መድረኮች ላይ ግን አይሠራም።

የሽምግልና ድርሻ

በጉራጌ አካባቢ ጠብን በሽማግሌ መፍታት የቆየ ሥርዓት ነው፤ የሰባት ቤት ጉራጌ የጆካ ቅጫ ለዚህ ይጠቀሳል። በጓደኛሞች መካከል ለተፈጠረ ስድብ እርቅ ሊበቃ ይችላል። ወሲባዊ ምስል ወይም የሕይወት ዛቻ ባለበት ግን፣ በተለይ ተበዳዩ ልጅ ከሆነ፣ እርቅ የሕግ ጥበቃን ሊተካ አይገባም። «ስማችን እንዳይጠፋ» ተብሎ ነገሩ ሲዳፈን ምስሉ በአድራጊው እጅ ይቀራል።

የተመልካችና የዕለት ጥንቃቄ

ትንኮሳን የሚያሰፋው በአብዛኛው የሚያስተላልፈው ሰው ነው። ሕጉም «ማሠራጨት» የሚለው የመጀመሪያውን ጸሐፊ ብቻ አይደለም። አለማስተላለፍ፣ ለተበዳዩ በግል «አይቼዋለሁ፤ ብቻህን አይደለህም» ብሎ መጻፍ፣ የግሩፑ አስተዳዳሪም ጽሑፉን እንዲያነሳ መጠየቅ ከማንም የሚጠበቅ ነው።

ጥንቃቄው ቀላል ነው። ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫን ማብራት፣ በቴሌግራም ስልክ ቁጥርን ማን እንደሚያይና ማን ግሩፕ ውስጥ እንደሚያስገባ መወሰን፣ የይለፍ ቃልን ለፍቅረኛም ቢሆን አለመስጠት፣ ስልክ ለጥገና ወይም ለፊልም ማስጫን ሲሰጥ የግል ፎቶዎችን አስቀድሞ ማውጣትና ከአካውንት መውጣት ይመከራል።