አይነድም፣ ግን ይቆማል? አርማታ በኢተያ

ጣሪያው ሣር በነበረበት ዘመን በአርሲ ደጋ እሳት የሚፈራው ከላይ ነበር፤ አንዱ ጎጆ ከተያያዘ ነፋሱ የጎረቤቱን ይጨምራል። ቆርቆሮ ሣሩን ሲተካ ፍርሃቱ ቀለል አለ፣ ጭቃ የተመረገበት የባሕር ዛፍ ምሰሶና ማገር ግን እዚያው ቀረ። ስለዚህ ኮለንና ሶሌታ ያለው ቤት ኢተያ ሲደርስ ሰው «ይህስ አይቃጠልም» ቢል አይፈረድበትም። አርማታ በእርግጥም አይነድም። ይሁን እንጂ አለመንደድና ሸክም ተሸክሞ መቆም የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ አርማታ ወደ እኛ የመጣበት መንገድ የመጀመሪያውን አሳይቶ ሁለተኛውን ሸፍኖብናል ባይ ነኝ።

ሲሚንቶ በድሬዳዋ መመረት የጀመረው በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1984 ሙገር ሲጨመር ምርቱ ሰፋ። በአርሲ በኩል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን እርዳታ የተቋቋመው የእርሻ ልማት ድርጅት ካዱ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ አስፋፍቶ ስንዴን የገበያ ሰብል አደረገው። በአዳማና በአሰላ መካከል ያለችው የሄጦሳ ወረዳ መቀመጫ ኢተያም ከዚህ ገበያ ጋር አደገች። የግንባታው ሙያ ከፌራዮ ወደ ፌራዮ በእጅ ሲተላለፍ ደንቡ ከኋላ ይከተል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1961 ማጀቴን ያፈረሰው የካራቆሬ መንቀጥቀጥ የታየባት አገር እ.ኤ.አ. በ1995 ለመሬት መንቀጥቀጥ ራሱን የቻለ የሕንፃ ደንብ ነበራት፤ ለአርማታ የእሳት ስሌት ራሱን የቻለ ክፍል የመጣው ግን እ.ኤ.አ. በ2015 ነው።

ይህ መዘግየት የወረቀት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በመፈተኛ ምድጃ የሚለቀቀው መደበኛ እሳት በ60 ደቂቃ 945 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል፤ ፌሮ ደግሞ 600 ዲግሪ ላይ ከጥንካሬው ግማሽ ያህሉን ያጣል። በመካከላቸው የሚቆመው ሙቀት ቶሎ የማያሳልፈው የአርማታ ሽፋን ነው፤ እሱም ውስጡ የቀረው እርጥበት እንፋሎት ሲሆን ሊፈነቀል ይችላል። በ2015ቱ ደንብ ሰንጠረዥ 25 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ ሸክሙ የከበደ፣ ከአንድ በላይ ጎኑ ለእሳት የተጋለጠ ኮለን 60 ደቂቃ እንዲቆም የፌሮው መሃል ከገጹ 46 ሚሊ ሜትር መራቅ አለበት። ሽፋኑ 25፣ ስታፋው 8፣ ፌሮው 14 ሚሊ ሜትር ከሆነ ርቀቱ 40 ብቻ ነው። ፌሮው ካሳፎርማውን ነክቶ ከተሞላማ ስሌቱም አያስፈልግም።

የአርሲ ጠጠር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፣ በ573 ዲግሪ በድንገት እንደሚያብጠው ኳርትዝ አይደለም የሚል ሰው ልክ ነው፤ ጠጠሩ ግን የሚጠቅመው አርማታውን እንጂ የተራቆተውን ፌሮ አይደለም። ኮለኑ በብሎኬት ግድግዳ ተሸፍኗል የሚለው መከራከሪያ ይበልጥ ይከብዳል፤ ሰንጠረዡም አንድ ጎኑ ብቻ ለተጋለጠ ኮለን 155 ሚሊ ሜትር ስፋትና 25 ሚሊ ሜትር ርቀት ይበቃዋል ይላል። ችግሩ ብሎኬቱ በሌለበት በኩል ነው፦ በሱቅ ፊት፣ ስፖንጅ ፍራሽና ዘይት በሚከመርበት ምድር ቤት፣ የላይኛውን ፎቅ በሙሉ በተሸከሙት ኮለኖች ላይ። የትንሽ ከተማ እሳት ቶሎ ያልቃል የሚሉም አሉ፤ እንዲህ ባለ መጋዘን ግን ቶሎ የሚያልቅበት ምክንያት አይታየኝም። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. መርካቶ ሸማ ተራ ሲቃጠል በዋና ከተማው እንኳ የመንገዱ ጥበት የእሳት አደጋ መኪኖችን አስቸግሯል። ኢተያ ላይ ፎቅ የሚያሠራ ሰው አርማታው ከመሞላቱ በፊት በፌሮውና በካሳፎርማው መካከል ያለውን ክፍተት በሜትር ያስለካ።