የሆንግ ኮንግ የኩንግ ፉ ፊልም

የሆንግ ኮንግ የኩንግ ፉ ፊልም በተለይ ከ1960ዎቹ አጋማሽ እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ በሆንግ ኮንግ ስቱዲዮዎች የተሠሩና የቻይናን ባህላዊ የፍልሚያ ጥበብ ዋና ጉዳያቸው ያደረጉ ፊልሞች የሚጠሩበት ስም ነው። ብዙዎቹ በአነስተኛ በጀትና በጥድፊያ የተሠሩ፣ ታሪካቸውም እርስ በርሱ የሚመሳሰል ነው። ይሁንና ከእስያ አልፈው በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በአፍሪካ እጅግ ብዙ ተመልካች አግኝተዋል፤ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላም ይታያሉ። ለዚህ ተወዳጅነት ከሚሰጡት ምክንያቶች ዋናው በፊልሞቹ የሚታየው ፍልሚያ ለዓመታት በሰለጠኑ ሰዎች፣ በካሜራ ፊት፣ በራሳቸው አካል የተሠራ መሆኑ ነው። በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ስያሜ

«ኩንግ ፉ» የሚለው የቻይንኛ ቃል በመነሻው የፍልሚያ ስም አይደለም። በረጅም ጊዜና በብዙ ልፋት የሚገኝ ችሎታ ማለት ሲሆን፣ ስለ ጎበዝ ምግብ አብሳይ ወይም ስለ ቁም ጸሐፊም ሊነገር ይችላል። ከፍልሚያ ጋር ብቻ ተያይዞ በዓለም የታወቀው በአብዛኛው በእነዚህ ፊልሞች ምክንያት ነው።

የቻይና የፍልሚያ ፊልሞች በሁለት ይከፈላሉ። የመጀመሪያው ዉሺያ ይባላል። ይህ በጥንት ዘመን የሚንከራተቱ፣ ለተበደለ የሚቆሙ ሰይፈኞችን ታሪክ የሚናገር ሲሆን ጀግኖቹ በጣሪያ ላይ ሊዘሉ፣ በአየር ላይ ሊንሳፈፉ ይችላሉ። ሁለተኛው የኩንግ ፉ ፊልም ነው። በዚህ ፍልሚያው በአብዛኛው በባዶ እጅ ወይም በዱላ ሲሆን፣ ታሪኩም ብዙውን ጊዜ የሚፈጸመው በቺንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን ወይም በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ነው።

በኢትዮጵያ እነዚህ ፊልሞች በተለምዶ «የካራቴ ፊልም» ይባላሉ። ካራቴ ግን ከኦኪናዋ የተነሣ የጃፓን ስፖርት ነው። በሆንግ ኮንግ ፊልሞች ውስጥ ካራቴ ተጫዋች ከታየ አብዛኛውን ጊዜ ባላጋራው ወገን ሆኖ ነው።

አመጣጥ

የፍልሚያ ፊልም የተጀመረው በሻንግሃይ ነው። በ1928 የወጣው «የቀይ ሎተስ ቤተ መቅደስ መቃጠል» ከፍተኛ ተቀባይነት በማግኘቱ በሦስት ዓመት ውስጥ ብዙ ተከታታይ ክፍሎች ተሠሩለት። ፊልሙ ዛሬ ጠፍቷል። የወቅቱ የቻይና መንግሥት ይህን ዓይነቱን ፊልም አጉል እምነት ያስፋፋል በሚል በ1930ዎቹ መጀመሪያ አገደው፤ ሥራውም ቀስ በቀስ ወደ ሆንግ ኮንግ ዞረ።

በሆንግ ኮንግ በ1949 የካንቶንኛ ኦፔራ ተዋናዩ ክዋን ታክ-ሂንግ ዎንግ ፌይ-ሁንግን ሆኖ መሥራት ጀመረ። ዎንግ ፌይ-ሁንግ በ19ኛው መቶ ዘመን በደቡብ ቻይና የኖረ እውነተኛ ሐኪምና የኩንግ ፉ መምህር ነበር። ክዋን በዚህ ገጸ ባሕርይ ከ70 በላይ ፊልሞች ላይ ተጫውቷል። ከእነዚህ ፊልሞች በፊት የስክሪን ፍልሚያ በአመዛኙ ከመድረክ ኦፔራ የተቀዳ ምልክታዊ እንቅስቃሴ ነበር። የዎንግ ፌይ-ሁንግ ፊልሞች ግን የደቡብ ቻይናን የፍልሚያ ስልቶች በእርግጥ የሚያውቁ ሰዎችን ወደ ካሜራ ፊት አመጡ።

የሾው ወንድማማቾች ዘመን

በሻንግሃይ በ1925 ፊልም መሥራት የጀመሩትና በኋላ በሲንጋፖርና በማላያ ብዙ ሲኒማ ቤቶችን የያዙት የሾው ቤተሰብ ወንድማማቾች፣ በ1961 በሆንግ ኮንግ ክሊርዋተር ቤይ ሰፊ የፊልም መንደር ከፈቱ። በራን ራን ሾው የሚመራው ይህ ስቱዲዮ የራሱ የጥንት ከተማ መንገዶች፣ ቤተ መንግሥቶች፣ የልብስ ክፍሎችና የሠራተኞች መኖሪያ ነበረው። አንዱ አደባባይ ወይም መጠጥ ቤት ቀለሙና ዕቃው እየተቀየረ በብዙ ፊልሞች ውስጥ ይታያል።

አዲሱን ዘመን ከከፈቱት ሥራዎች አንዱ የዳይሬክተር ኪንግ ሁ «ከእኔ ጋር ጠጣ» (1966) ነው። ዋና ተዋናይዋ ቼንግ ፔይ-ፔይ የባሌ ዳንስ ሥልጠና የነበራት ወጣት ስትሆን፣ የወንድ ልብስ ለብሳ በሽፍቶች ወደ ተሞላ መጠጥ ቤት ብቻዋን የምትገባበት ትዕይንት ከዘርፉ ታዋቂ ትዕይንቶች አንዱ ነው። ኪንግ ሁ ከዚያ በኋላ በታይዋን የሠራው «የዜን ንክኪ» በ1975 በካን ፊልም ፌስቲቫል የቴክኒክ ሽልማት አግኝቷል።

በ1967 ዳይሬክተር ቻንግ ቼህ «ባለ አንድ ክንዱ ሰይፈኛ»ን አወጣ። በጂሚ ዋንግ ዩ የተሠራው ገጸ ባሕርይ የመምህሩ ልጅ ቀኝ ክንዱን ትቆርጥበታለች። እርሱም ከአባቱ በቀረው ስብርባሪ ሰይፍና በግማሽ በተቃጠለ መጽሐፍ በግራ እጁ መፋለምን እንደ አዲስ ይማራል። ጠላቶቹ የሰይፍ ስለት ቆልፎ የሚይዝ መሣሪያ ሲያመጡ የመምህሩን ተማሪዎች በሙሉ ያሸንፋሉ፤ የእርሱ ሰይፍ ግን ተሰብሮ አጭር ስለሆነ አይያዝላቸውም። ጉድለቱ ማሸነፊያው ይሆናል። ፊልሙ በሆንግ ኮንግ ብቻ ከአንድ ሚሊዮን የሆንግ ኮንግ ዶላር በላይ አስገብቷል።

ከሰይፍ ወደ ባዶ እጅ

በ1970 የሾው ስቱዲዮ ኃላፊ የነበረው ሬይመንድ ቾው ወጥቶ ጎልደን ሃርቨስት የተባለውን ኩባንያ አቋቋመ። ኩባንያው ከአሜሪካ ከተመለሰው ከብሩስ ሊ ጋር ውል ገባ። «ትልቁ አለቃ» (1971) እና «የቁጣ ቡጢ» (1972) በሆንግ ኮንግ የገቢ ክብረ ወሰን ሰበሩ። ብሩስ ሊ በሐምሌ 20 ቀን 1973፣ ከዋርነር ብራዘርስ ጋር በጋራ የተሠራው «ኤንተር ዘ ድራገን» በአሜሪካ ሊታይ አንድ ወር ያህል ሲቀረው፣ በ32 ዓመቱ አረፈ። በዚያው ዓመት የሾው ፊልም የሆነው «አምስቱ የሞት ጣቶች» በአሜሪካ ከተሞች ሲኒማ ቤቶች ብዙ ተመልካች ስቦ ነበር።

የታሪኮቹ አወቃቀር

የብዙዎቹ ታሪክ በጥቂት መስመር ይጠቀለላል። ግፍ ይፈጸማል፤ የተበደለው ወጣት ሊበቀል ቢነሣም ይሸነፋል፤ መምህር ፈልጎ ይማራል፤ ከዚያ ተመልሶ ይፋለማል። ተመልካች ፍጻሜውን አስቀድሞ ያውቃል፤ የሚጠብቀው ጀግናው ለዚያ ፍጻሜ እንዴት እንደሚበቃ ለማየት ነው።

የዚህ አወቃቀር ዋና ምሳሌ የላው ካር-ለውንግ «36ኛው የሻኦሊን ክፍል» (1978) ነው። በጎርደን ሊዩ የተሠራው ተማሪ ወዳጆቹና ቤተሰቡ በማንቹ ጦር ሲገደሉበት ወደ ሻኦሊን ገዳም ይሸሻል። ገዳሙ 35 የሥልጠና ክፍሎች አሉት። ወጣቱ ከከፍተኛው ክፍል ልጀምር ይልና ምንም ሳይገባው ተባርሮ ከዝቅተኛው ይጀምራል። ወደ ምግብ ቤት ለመግባት በውኃ ላይ በሚንሳፈፍ የእንጨት እስር ላይ ረግጦ መሻገር አለበት፤ ካልቻለ ይነከራል። በሌላ ክፍል ክንዱ ላይ ስለት ታስሮ ውኃ ይሸከማል፤ እጁን ካወረደ ስለቱ ጎኑን ይወጋዋል። የፊልሙ መካከለኛ ክፍል ከሞላ ጎደል በዚህ ሥልጠና የተያዘ ሲሆን፣ በዚያ ጊዜ አንድም ጠላት አይሸነፍም። በመጨረሻ ወጣቱ የሚጠይቀው 36ኛ ክፍል እንዲከፈት ነው፤ ይኸውም ከገዳሙ ውጭ ላለው ተራ ሰው የሚያስተምር ክፍል ነው።

በዚህ ዓይነት ታሪክ ጀግናው በተፈጥሮ ከሌሎች የተለየ ሰው አይደለም። ድሃ፣ አካል ጉዳተኛ ወይም ሰነፍ ሊሆን ይችላል፤ ከሌሎች የሚለየው ልፋቱን በመታገሡ ነው። መምህርም እንደ ወላጅ ይከበራል፤ ለመምህር ውለታ መክፈል የብዙ ፊልሞች መነሻ ነው።

የፍልሚያ አቀራረጽ

በእነዚህ ፊልሞች ከዳይሬክተሩ ቀጥሎ ትልቁ ኃላፊነት የፍልሚያ አቀናባሪው ነው። ፍልሚያው በዝርዝር አስቀድሞ ተጽፎ አይመጣም፤ አቀናባሪው በቀረጻው ቦታ እያንዳንዱን እንቅስቃሴ ፈጥሮ ለተዋናዮቹ ያሳያል። ላው ካር-ለውንግ ዳይሬክተር ከመሆኑ በፊት ለዓመታት የቻንግ ቼህ ፊልሞች አቀናባሪ ነበር።

ቀረጻው ብዙውን ጊዜ የተፋላሚዎቹን አካል ከራስ እስከ እግር ያሳያል። አንድ ምት ሳይቆረጥ ከሌላ ምት ጋር ስለሚያያዝ ተመልካች ማን ምን እንዳደረገ፣ ሌላውም እንዴት እንደመለሰ ይከታተላል። ሌላው መለያ እርጋታው ነው። ተፋላሚዎቹ በፈጣን የምት ልውውጥ መካከል ለቅጽበት ቀጥ ብለው ይቆማሉ፤ ከዚያም እንደገና ይጀምራሉ። ይህ ምትና ዕረፍት በቻይና ኦፔራ ከበሮና ጸናጽል ከሚታጀበው የመድረክ እንቅስቃሴ የተወረሰ ነው።

ፊልሞቹ ማታለያም ይጠቀማሉ። ለመዝለል የተደበቀ መንጠሪያና ሽቦ፣ እንቅስቃሴውን ለማፋጠን በሰከንድ ከ24 ያነሱ ምስሎች የሚያነሣ ካሜራ፣ የምቱን ኃይል ለማጉላት በኋላ የሚጨመር ድምፅ የተለመዱ ናቸው። የተዋናዮቹም ንግግር በአብዛኛው ከቀረጻ በኋላ የሚገባ በመሆኑ ከከንፈራቸው ጋር ላይገጥም ይችላል። ነገር ግን እነዚህ ዘዴዎች ያለውን ችሎታ የሚያጎሉ እንጂ የሌለውን የሚተኩ አልነበሩም።

ሥልጠናውና ያስከፈለው ዋጋ

የላው ካር-ለውንግ አባት ላው ቻም የላም ሳይ-ዊንግ ተማሪ ነበር፤ ላም ሳይ-ዊንግ ደግሞ የዎንግ ፌይ-ሁንግ ተማሪ ነው። ስለዚህ በፊልሞቹ የሚታየው ስልት ከመምህር ወደ ተማሪ ሲወርድ የመጣ ነበር።

ሌሎች ተዋናዮች የመጡት ከኦፔራ ትምህርት ቤቶች ነው። ሳሞ ሁንግ፣ ጃኪ ቻንና ዩን ቢያው በልጅነታቸው በሆንግ ኮንግ በመምህር ዩ ጂም-ዩን ሥር በአዳሪነት አክሮባት፣ መዝሙርና ፍልሚያ ተምረዋል። ወላጆች ልጆቻቸውን የሚሰጡት ለዓመታት በሚጸና ውል ነበር። ጃኪ ቻን በሕይወት ታሪኩ በትምህርት ቤቱ ድብደባ የዘወትር ነገር እንደነበረ ገልጿል። የኦፔራ ተመልካች እየቀነሰ ሲመጣ እነዚህ ልጆች ሌላ ሙያ ስላልነበራቸው በፊልም ውስጥ የሚወድቁ፣ የሚመቱና የሚዘሉ ተቀጣሪዎች ሆኑ። አንዳንዶቹ ኋላ ታላላቅ ኮከቦች ሆነዋል፤ ብዙዎቹ ግን ፊታቸው ሳይታወቅ ቀርተዋል።

አደጋም የሥራው አካል ነበር። ጃኪ ቻን «የአምላክ ጥሩር» (1986) ሲቀረጽ በያኔዋ ዩጎዝላቪያ ከዛፍ ወድቆ የራስ ቅሉ ተሰብሮ ነበር። በፊልሞቹ መጨረሻ ላይ የሚያሳያቸው የተበላሹ ቀረጻዎችና ጉዳቶች የታዋቂነቱ አንድ ምክንያት ሆነዋል። ይህም ዘርፉን በተመለከተ ያልተፈታ ጥያቄ ይተዋል፤ ተመልካችን የሚማርከው እውነተኛነት የተገኘው በሰዎች ሕመም ጭምር ነውና።

ወደ ኮሜዲ መዞር

በ1978 ዳይሬክተር ዩን ዉ-ፒንግ በ«የሰከረው መምህር» ወጣቱን ዎንግ ፌይ-ሁንግ በጃኪ ቻን አሠራው። በክዋን ታክ-ሂንግ ፊልሞች የተከበረ አባት የነበረው ሰው እዚህ ባለጌና ሥራ ጠል ልጅ ሆኖ ቀረበ። ሰካራሙን መምህር የሠራው የዳይሬክተሩ አባት ዩን ሲዩ-ቲየን ነው። ፊልሙ በዘርፉ ሳቅንና ፍልሚያን አንድ ላይ አስለመደ። በላው ካር-ለውንግ «ወጣቷ አክስቴ» (1981) የተጫወተችው ካራ ሁይ ደግሞ በመጀመሪያው የሆንግ ኮንግ ፊልም ሽልማት የምርጥ ተዋናይት ሽልማትን ወስዳለች።

ትችት

ፊልሞቹ በታሪክ ድግግሞሽ፣ በደም መብዛትና በጥላቻ ላይ በተመሠረተ በቀል ይተቻሉ። ጃፓናውያንና ማንቹዎች ብዙውን ጊዜ ያለ አንዳች በጎ ጎን ይቀርባሉ። ሆኖም ከውስጥም መልስ የሰጡ አሉ። የላው ካር-ለውንግ «የምሥራቅ ጀግኖች» (1978) አንድ ቻይናዊ ባልና ጃፓናዊት ሚስቱ የአገራቸውን የፍልሚያ ስልት ሲያወዳድሩ ያሳያል፤ በፊልሙ ብዙ ፍልሚያ ቢኖርም የሚሞት ሰው የለም።

መዳከምና ዳግም መታየት

የሾው ስቱዲዮ በ1980ዎቹ አጋማሽ ፊልም መሥራቱን በአብዛኛው ትቶ ወደ ቴሌቪዥን ዞረ። የሠራቸው ፊልሞች ለረጅም ጊዜ ተቆልፎባቸው በመቆየታቸው በብዙ አገሮች የሚታዩት የደበዘዙና ጎናቸው የተቆረጠ የቪዲዮ ቅጂዎች ብቻ ነበሩ። በ2000 ሴለስቲያል ፒክቸርስ የተባለ ኩባንያ ከ700 በላይ የሚሆኑ ፊልሞችን መብት ገዝቶ ምስላቸውን በማደስ እንደገና አሰራጨ። ብዙ ተመልካቾች የፊልሞቹን ሙሉ ስፋትና ቀለም ያዩት ያን ጊዜ ነው።

ተጽዕኖ

በአሜሪካ ፊልሞቹ በተለይ በከተማ በሚኖሩ ጥቁር ወጣቶች ዘንድ ተወደዋል። ጀግኖቹ ነጭ ያልሆኑ፣ ያለ ጠመንጃ ግፈኛን የሚቋቋሙ መሆናቸው ለዚህ እንደ ምክንያት ይጠቀሳል። የኒው ዮርኩ የራፕ ቡድን ዉ-ታንግ ክላን በ1993 የመጀመሪያ አልበሙን በ36ቱ ክፍሎች ሰይሟል። ዩን ዉ-ፒንግ «ዘ ማትሪክስ» (1999) እና አራት የኦስካር ሽልማት ያገኘውን «ክራውቺንግ ታይገር፣ ሂደን ድራገን» (2000) ፍልሚያዎች አቀናብሯል። በሁለተኛው ፊልም ቼንግ ፔይ-ፔይ ከ«ከእኔ ጋር ጠጣ» 34 ዓመት በኋላ እንደገና ተፋላሚ ሆና ታይታለች። ጎርደን ሊዩም በ«ኪል ቢል» ሁለት ክፍሎች ተጫውቷል።

በኢትዮጵያም ፊልሞቹ በቪዲዮ ቤቶች የታዩ ሲሆን፣ ንግግሩ ባይገባም ታሪኩ በፍልሚያው ስለሚነገር ለመከታተል አያስቸግርም። ከብሩስ ሊና ከጃኪ ቻን በቀር የተዋናዮቹ ስም ብዙም አይታወቅም።

ዛሬ በኮምፒውተር በሚሠራ ምስል ማንኛውንም ተዋናይ እንዲበር ማድረግ ይቻላል። የድሮዎቹ ፊልሞች የሚለዩት ግን አንድ ሰው ለዓመታት የለፋበትን እንቅስቃሴ በአካሉ ሲፈጽም በማሳየታቸው ነው፤ «ኩንግ ፉ» የሚለው ቃል የመጀመሪያ ትርጉምም ይኸው ነው።