የቢላው እጀታ እውነት የዝሆን ጥርስ ነው? ሳታቃጥሉ የምትለዩበት መንገድ

ለንደን የሚኖር ጓደኛዬ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ ስድስት የገበታ ቢላዎች ሊገዛ ሲል ፎቶ ላከልኝ። እጀታቸው ቢጫ ያለበት ነጭ ነው። ሻጩ «የዝሆን ጥርስ ነው» ብሎታል። ጓደኛዬ የጠየቀኝ «ውድ ነው ወይስ ርካሽ?» ብሎ ነበር። ከዋጋው በፊት ግን መታየት ያለበት ሌላ ነገር አለ። ውሸት ከሆነ ለፕላስቲክ የዝሆን ጥርስ ዋጋ ሊከፍል ነው። እውነት ከሆነ ደግሞ ሕግ ሊጥስ ነው።

እንዲህ ዓይነት ቢላዎች በብዛት የተሠሩት ሼፊልድ በምትባል የእንግሊዝ ከተማ ነው። የዝሆን ጥርስ ውድ ስለነበር የከብት አጥንትም ይጠቀሙ ነበር። በኋላ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ፣ ሴሉሎይድ የሚባል የጥንት ፕላስቲክ መጣ። «ፍሬንች አይቮሪ» ወይም «አይቮሪን» የሚል ስም ካያችሁ እንዳትሸወዱ፤ የማስመሰያው የገበያ ስም ነው።

አሁን ስልካችሁን አውጡ። ካሜራውን ማክሮ ላይ አድርጉና በሌላ ስልክ ፍላሽ ከጎን አብሩበት።

1. የእጀታውን ጫፍ እዩ። የዝሆን ጥርስ በአግድም ሲቆረጥ እንደ መረብ እርስ በርስ የሚቋረጡ ቀጫጭን መስመሮች ይታዩበታል። የሽሬገር መስመሮች ይባላሉ። ፕላስቲክም አጥንትም ይህ የላቸውም። ጫፉ በብረት ከተሸፈነ ግን ላታዩት ትችላላችሁ፤ ስለዚህ መስመሩ አልታየም ማለት የግድ ውሸት ነው ማለት አይደለም።

2. ጎኑን እዩ። የእውነተኛው መስመር ፈዘዝ ያለ፣ ሞገድ መሳይና ከቦታ ቦታ የሚለያይ ነው። በማስመሪያ የተሰመረ የሚመስል፣ ስድስቱም ቢላ ላይ አንድ ዓይነት የሆነ ከሆነ ሴሉሎይድ ነው ብላችሁ ጠርጥሩ።

3. ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች ወይም አጫጭር ጭረቶች አሉ? እነዚህ ደም ያልፍባቸው የነበሩ ቀዳዳዎች ናቸው። አጥንት ነው ማለት ነው።

4. በጨርቅ እስኪሞቅ እሹትና አሽትቱት። ቪክስ ላይ የምናውቀው የካምፎር ሽታ ከመጣ ሴሉሎይድ ነው።

5. ስለቱ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። «ስቴንለስ» የሚል ካለ ቢላው ከ1913 (እ.ኤ.አ) በኋላ የተሠራ ነው፤ ሼፊልድ ውስጥ የማይዝግ ብረት የተሠራው ያኔ ነውና። በዚያ ጊዜ ሴሉሎይድ ገበያው ላይ ነበር። ብቻውን ማስረጃ ባይሆንም ጥርጣሬውን ያጠናክራል።

አንድ ነገር ግን በፍጹም አታድርጉ፦ የጋለ መርፌ መውጋት። ብዙ ሰው ይመክራል፤ ግን እውነተኛውን ያበላሻል፣ ሴሉሎይድ ከሆነ ደግሞ በአንድ ጊዜ እጃችሁ ላይ ሊነድ ይችላል።

እሺ፣ እውነተኛ ቢሆንስ? በእንግሊዝ እ.ኤ.አ ከጁን 6 ቀን 2022 ጀምሮ የዝሆን ጥርስ መሸጥም መግዛትም የተከለከለ ነው። ቅጣቱ እስከ 250,000 ፓውንድ ወይም እስከ 5 ዓመት እስር ሊደርስ ይችላል። ከ1947 በፊት ተሠርተው የዝሆን ጥርሱ ከ10 በመቶ በታች ለሆነ ዕቃዎች፣ ከተመዘገቡ፣ ፈቃድ አለ። እጀታው ሙሉ በሙሉ የዝሆን ጥርስ የሆነ ቢላ ግን ብዙ ጊዜ ከዚህ ያልፋል። ከአያት የተወረሰ ካላችሁ ቤት ማስቀመጥ አልተከለከለም።

ወደ አገር ቤት ልውሰደው ብትሉም ኢትዮጵያ የዱር እንስሳት ንግድን የሚቆጣጠረው የሳይቲስ ስምምነት አባል ናት። መጋቢት 11 ቀን 2007 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ 6.1 ቶን የዝሆን ጥርስ የተቃጠለው ንግዱን ለመቃወም ነበር። ያለ ፈቃድ ቦሌ ላይ ሻንጣ ውስጥ ከተገኘ ዕቃው ይወረሳል፣ እናንተም ልትከሰሱ ትችላላችሁ።

ወደ ጓደኛዬ ልመለስ። የጎኑ መስመር ስድስቱም ላይ አንድ ዓይነት ነው፣ ስለቱ ላይ «ስቴንለስ» ይላል፣ ሲያሸው ካምፎር ካምፎር ሸተተ። ሴሉሎይድ! ሻጩን ይህንን ሲነግረው ዋጋው ወረደ፤ ገዛቸው። አሁን የሚጠነቀቀው ሙቅ ውሃ ውስጥ እንዳይዘፈዝፋቸውና ምድጃ አጠገብ እንዳያስቀምጣቸው ብቻ ነው።

አሮጌ ዕቃ የሚወድ ጓደኛ ካላችሁ፣ ከመክፈሉ በፊት ይቺን ላኩለት።