ገመድና መረብ

ስለ ጥንካሬ ሲወራ ዐይናችን ወፍራም ወፍራሙን ይፈልጋል። ብራና ሲፋቅ ያየ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ የፍየሉ ቆዳ ተወጥሮ፣ ሥጋውና ጠጉሩ ተፍቆ ሲያልቅ የሚተርፈው አብዛኛው ኮላጅን የሚባለው ፕሮቲን ነው። የአባ ገሪማን ወንጌል ከሺህ ዓመት በላይ ያቆየውም እሱ ነው። ሦስት ክሮች እንደ ገመድ ይገመዱና ገመዶቹ ደግሞ ጎን ለጎን ተደርድረው ሌላ ወፍራም ገመድ ይሆናሉ።

የኔ ጨዋታ ግን ስለ ቀጭኑ ወንድሙ ነው።

በ1842 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ዊልያም ቦውማን የተባለ የ25 ዓመት እንግሊዛዊ ኩላሊትን በማይክሮስኮፕ መርምሮ አንድ ጽሑፍ አቀረበ። በጽሑፉም ሕዋሶቹ የተቀመጡበትን ስስ ሽፋን ቤዝመንት ሜምብሬን አለው። እኛ ምንጣፍ ብንለው የሚቀየም አይኖርም። ከምን እንደ ተሠራ ግን እሱም አላወቀ፣ ከሱ በኋላ የመጡትም ከመቶ ዓመት በላይ አላወቁ። በኩላሊት ውስጥ ያለው ምንጣፍ ውፍረቱ የአንድ ሚሊ ሜትር ሦስት ሺህኛ ያህል ቢሆን ነው። ታዲያ በቀን 180 ሊትር ገደማ ፈሳሽ በደም ግፊት እየተገፋ ያልፍበታል፤ አንድ በርሜል ሊሞላ ጥቂት ቢቀረው ነው! የደሙ ሕዋሶች ግን ወዲያ ማዶ ይቀራሉ። ይህን ሁሉ እንዴት ቻለው?

ፍንጩ የመጣው ከአንድ የታመመ ቤተሰብ ነው። በ1927 ሴሲል አልፖርት የተባለ ደቡብ አፍሪካዊ ሐኪም ስለ አንድ የእንግሊዝ ቤተሰብ ጻፈ። ከሽንታቸው ጋር ደም ይወጣል፤ ጆሯቸው እያደር ይደነቁራል፤ ወንዶቹ በለጋ ዕድሜ ይሞታሉ፣ ሴቶቹ ግን ያረጃሉ። ቤተሰቡን ከሱ በፊት ያዩ ሐኪሞች ነበሩ፤ የጆሮውንና የኩላሊቱን ነገር አንድ በሽታ ነው ብሎ ያገናኘው ግን እሱ ነው። ጆሮና ኩላሊት ምን ያዛምዳቸዋል? እሱም መልስ አልነበረውም። (ይኸው ሰው ኋላ ካይሮ ሄዶ ሲያስተምር ድሆች በሆስፒታል የሚደርስባቸውን በደል አይቶ ዝም አላለም፤ መጽሐፍ ጽፎ አጋልጧል። ስሙ በበሽታው ብቻ መታወሱ ያሳዝነኛል።)

በ1966 ኒኮላስ ኬፋሊደስ የተባለ የግሪክ ተወላጅ ከውሻ ኩላሊት ምንጣፉን ለይቶ ሲመረምር ኮላጅን አገኘበት፤ ያውም ከቆዳውና ከጅማቱ የተለየ ኮላጅን። ኋላ አራተኛው ዓይነት ተባለ። በ1981 ደግሞ ሩፐርት ቲምፕልና ጓደኞቹ ጀርመን አገር ሆነው በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አዩት። ያዩት የገመድ ክምር አልነበረም፤ መረብ ነበር እንጂ።

ወሬው ያለው እዚህ ላይ ነው። የወፍራሙ ኮላጅን ጫፎች በሥራው መኻል ተቆርጠው ይወድቃሉ፤ ገመዶቹም ተጠጋግተው ይደረደራሉ። የአራተኛው ጫፎች ግን አይነኩም፤ መቋጠሪያዎቹ እነሱ ናቸዋ! በአንዱ ጫፍ አራት ገመዶች ባንድ ቋጠሮ ይታሰራሉ፤ በሌላው ጫፍ ሁለት ሁለት ሆነው ይያያዛሉ። በዚያ ላይ የእያንዳንዱ ገመድ ግምድ ከሃያ በላይ በሆነ ቦታ ስለሚላላ ሳይሰበር ይታጠፋል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ያሉ አበው ማይክሮስኮፕ አልነበራቸውም፤ ነገሩ ግን ይኸው ነው። ሁለት ሁለቱን የሚያያይዘው ማሰሪያ እስከ 2009 ድረስ ተሰውሮ ኖረ። ያን ዓመት የአሜሪካው ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሰልፈርና ናይትሮጅን የተጣመሩበት ማሰሪያ መሆኑን ደረሱበት፤ እንዲህ ያለ ጥምረት ከዚያ በፊት በሕያው አካል ውስጥ ታይቶ አያውቅም ነበር። በ2014 ደግሞ ይህን ቋጠሮ ለማሰር ብሮሚን የግድ እንደሚያስፈልግ ተገለጠ። ብሮሚን የተነፈጉ ዝንቦች ሞቱ፤ ሲጨመርላቸው ተረፉ።

ወደ አልፖርት ቤተሰብ እንመለስ። በ1990 የዩታና የፊንላንድ ተመራማሪዎች በሽታውን ከአንድ ጂን ጋር አገናኙት፤ የዚሁ የአራተኛው ኮላጅን አንድ ክር የሚሠራበት ጂን ሆኖ ተገኘ። ጂኑ በኤክስ ክሮሞሶም ላይ ነው፤ ወንድ ልጅ ያለው አንድ ኤክስ ብቻ ስለሆነ መጠባበቂያ የለውም። የፅንሱ መረብ ቋጠሮው ጥቂት ነው፤ በጤናማ ልጅ ኩላሊቱ ሲበስል በጠንካራው መረብ ይተካል። በነዚህ ልጆች ግን አይተካም። ያ የልጅነት መረብ ግፊቱን ለዓመታት ይችልና በኋላ እየተሰነጠቀ ይተለተላል። ጠንካራው መረብ ጆሮም ውስጥ አለ፤ የጆሮና የኩላሊት ዝምድና ይኸው ነበር።

አሁን ሕመሙ ቶሎ ከታወቀ የደም ግፊት መድኃኒቶች የኩላሊቱን መድከም በዓመታት ያዘገዩታል። ሲደክምም ሌላ ኩላሊት ይተከላል። ከተተከለላቸው መካከል ግን በጥቂቶቹ ላይ አንድ አሳዛኝ ነገር ይደርሳል፤ ሰውነታቸው ትክክለኛውን መረብ ከዚያ በፊት አይቶት ስለማያውቅ እንደ ባዕድ ቆጥሮ ይወጋዋል።