የሚዘጋው መረብና የሚቀረው ስልክ

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታትና ቀናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ አስቀድሞ እንዲገነዘብልኝ እጠይቃለሁ።

የስልክ ታሪክ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚተረከው የመክፈቻው ቀን ነው። የመጀመሪያው ጥሪ መቼ እንደ ተደረገ፣ ማን ለማን እንደ ደወለ፣ ስንት የማስተላለፊያ ጣቢያ እንደ ተተከለ በየመጽሐፉ ሰፍሮ ይገኛል። ጂ.ኤስ.ኤም. በተባለው ዘዴ የመጀመሪያው ጥሪ ጁላይ 1 ቀን 1991 በፊንላንድ መደረጉን፣ የደወሉትም የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ሃሪ ሆልኬሪ መሆናቸውን ብዙዎቻችን ገና በተማሪነታችን ሰምተናል። የመዝጊያው ቀን ግን ይህን ያህል ጸሐፊ አላገኘም። በዚያ ቀን ሪባን የሚቆርጥ ባለሥልጣን የለም፤ ንግግር የሚያደርግም የለም፤ ጥቂት ቴክኒሻኖች አንድ ትእዛዝ ጽፈው ይልካሉ፣ ጣቢያዎቹም ዝም ይላሉ። በዚህ መጽሔት እንድጽፍ በተጠየቅሁ ጊዜ ስለዚሁ ዝምታ መጻፍን መረጥሁ።

ምሳሌ አድርጌ የማቀርባት አገር አውስትራሊያ ናት። አንደኛው ምክንያት ይህች አገር የከፈተቻቸውን አራት ዓይነት የተንቀሳቃሽ ስልክ መረቦች በሩብ ምዕት ዓመት ውስጥ የዘጋች በመሆኗና እያንዳንዱ መዘጋት የየራሱን ጉድ ያወጣ በመሆኑ ነው። ሁለተኛው ምክንያት የግል ነው፤ በቦታው እናዘዘዋለሁ።

በአውስትራሊያ የመጀመሪያው ሕዋሳዊ ስልክ በ1987 ሥራ ሲጀምር የተመረጠው በአሜሪካ የተፈለሰፈው አናሎግ ዘዴ ነበር። በ1993 ዲጂታሉ ጂ.ኤስ.ኤም. ተከተለ። መንግሥት በስልክ ሥራ ላይ ውድድር እንዲኖር በፈቀደበት በዚያው ዘመን፣ አናሎጉ እስከ ጃኑዋሪ 1 ቀን 2000 ድረስ እንዲያበቃ ወሰነ። ከተሜው ቅር አላለውም፤ አዲሱ ስልክ ትንሽና ቀላል፣ ድምፁም የጠራ ነበርና። የገጠሩ ሰው ግን ተቃወመ። የተቃወመበትም ምክንያት ተራ ናፍቆት አልነበረም።

በጂ.ኤስ.ኤም. ዘዴ ብዙ ስልኮች አንዱን የሬዲዮ ሞገድ የሚካፈሉት በየተራ ነው። እያንዳንዱ ስልክ የተመደበለት እጅግ አጭር ቅጽበት አለው፤ ከሩቅ የሚነሣ ምልክት ግን ወደ ጣቢያው ዘግይቶ ስለሚደርስ የጎረቤቱን ተራ እንዳይሻማ ስልኩ ቀደም ብሎ እንዲናገር ይታዘዛል። ይህ ማስቀደሚያ በ63 እርከን የተወሰነ ሲሆን አንዱ እርከን ከግማሽ ኪሎ ሜትር ጥቂት ይበልጣል። ተባዝቶ ሲታይ ወደ 35 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ከዚያ ርቀት ወዲያ የቆመ ሰው አንቴናው የቱንም ያህል ቢረዝም፣ ምልክቱም የቱንም ያህል ቢበረታ፣ በተለመደው አሠራር ጣቢያው አይቀበለውም። መንደርና መንደር ተያይዞ በሚታይባት አውሮፓ የተነደፈ ዘዴ በመሆኑ ነዳፊዎቹን አልወቅስም። ሆኖም 7.7 ሚሊዮን ስኩዌር ኪሎ ሜትር በሚሰፋ አገር፣ ከብት ጠባቂው ከጣቢያው 50 ኪሎ ሜትር ርቆ በአናሎግ ሲነጋገር ኖሮ «የተሻለ» የተባለው መሣሪያ ሲመጣለት ዝም የሚያሰኝ ሆነበት። ስለዚህ ቴልስትራ የተባለው ድርጅት ለገጠሩ ሲባል ሌላ ዲጂታል መረብ፣ ማለትም ሲ.ዲ.ኤም.ኤ.ን፣ በ1999 መዘርጋት ግድ ሆነበት። አናሎጉም ከዚያ በኋላ ደረጃ በደረጃ ተዘጋ።

ይህም ዘጠኝ ዓመት እንኳ በቅጡ አልቆየም። ቴልስትራ በኦክቶበር 2006 በ850 ሜጋኸርትዝ የሚሠራ የሦስተኛ ትውልድ መረብ ከፈተና ሲ.ዲ.ኤም.ኤ.ን በጃኑዋሪ 2008 እንደሚዘጋ አስታወቀ። እዚህ ላይ ግን መንግሥት ጣልቃ ገባ፤ አዲሱ መረብ ሽፋኑ ከአሮጌው ጋር እኩል መሆኑ ካልተረጋገጠ መዝጋት አይቻልም ተባለ። ቀኑም ወደ ኤፕሪል 28 ተራዘመ። በክርክሩ ወቅት በግልጽ የታየው ነገር ሽፋን ሲባል የማን ሽፋን ነው የሚለው ጥያቄ ነበር። ካርታው የሚቀለመው ጣቢያው በሚልከው ኃይል ነው፤ በገበሬው እጅ ያለው ስልክ ግን እንደ ሞዴሉ የመቀበል ችሎታው ይለያያል። በካርታው ላይ አንድ ዓይነት ቀለም የተቀባ ቦታ በአንዱ ስልክ ሲያነጋግር በሌላው አያነጋግርም። ድርጅቱ በኋላ ለገጠር የሚስማሙትን ስልኮች በሰማያዊ ምልክት መለየት የጀመረው ለዚህ ነው። ለማንኛውም ያ የገጠር ደንበኛ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አናሎጉን ጥሎ፣ ሲ.ዲ.ኤም.ኤ. ገዝቶ፣ እሱንም ጥሎ ሦስተኛውን ገዝቷል። ሦስቱም ስልኮች አልተበላሹም ነበር።

በዚያው በ2008 በአሜሪካም አናሎጉ ተዘግቷል። እዚያ በቺካጎ የተከፈተው ኦክቶበር 13 ቀን 1983 ሲሆን ሕጋዊ ግዴታው ያበቃው ፌብሩዋሪ 18 ቀን 2008 ነው። ችግር የገጠማቸው በእጅ የሚያዙት ስልኮች ሳይሆኑ የተረሱት ነበሩ፤ በመኪና ውስጥ የተቀበሩ የአደጋ መጥሪያዎችና በየቤቱ ግድግዳ የተሰቀሉ የሌባ ማስጠንቀቂያ ሣጥኖች። የማስጠንቀቂያው ኢንዱስትሪ ጊዜ ይጨመርልን ብሎ ቢያመለክት በ2007 ተቀባይነት አጥቷል።

እስከዚህ ድረስ ያለው ታሪክ፣ መራራ ቢሆንም፣ ግልጽ ነው። አሮጌ ስልክ አሮጌ መረብ ይፈልጋል፤ መረቡ ሲዘጋ ስልኩ ይሞታል፤ ባለቤቱም መሞቱን ወዲያው ያውቃል። ከዚህ በኋላ የመጣው ግን ከዚህ የተለየ ነው።

አራተኛው ትውልድ፣ ኤል.ቲ.ኢ. የሚባለው፣ በዲሴምበር 2009 በስቶክሆልምና በኦስሎ ለሕዝብ ሲከፈት ድምፅ አያስተላልፍም ነበር። ጉድለት ሆኖ የተገኘ ሳይሆን ታስቦ የተደረገ ነው። ከግራሃም ቤል ዘመን ጀምሮ ጥሪ ማለት ለሁለት ሰዎች ተለይቶ የሚያዝ መስመር ማለት ሲሆን፣ የአዲሱ መረብ ነዳፊዎች ይህን ልማድ ፈጽመው ጥለው ሁሉ ነገር በትንንሽ ጥቅል ተከፋፍሎ እንዲጓዝ ወሰኑ። ለዳታ እጅግ መልካም ነው። ታዲያ ስልክ ሲደወልስ? መልሱ ጊዜያዊ ነበር፤ ስልኩ ጥሪ በመጣ ቁጥር አራተኛውን ትውልድ ለቆ ወደ ሦስተኛው ወይም ወደ ሁለተኛው ይወርዳል፣ ተነጋግሮ ሲጨርስ ተመልሶ ይወጣል። ተጠቃሚው ይህን መውረድና መውጣት አያየውም። ዓመታት ያህል በእጃችን የያዝነው «የ4ጂ ስልክ» በንግግር ጊዜ የ3ጂ ስልክ ነበር።

በኤል.ቲ.ኢ. ላይ ድምፅን በጥቅል የማስተላለፊያው ዘዴ፣ በአጭሩ ቮ.ኤል.ቲ.ኢ.፣ የጋራ መግለጫው በ2010 ወጥቶ በኦገስት 2012 በደቡብ ኮሪያና በአሜሪካ ዳላስ ሥራ ጀመረ። መግለጫው ግን ብዙ አማራጭ የሚተው ነበር። እያንዳንዱ የስልክ ድርጅት በየራሱ መንገድ ስለተገበረው፣ ፋብሪካዎቹ በየስልኩ ፕሮግራም ውስጥ የየድርጅቱን ደንብ ለየብቻ ማስገባት ነበረባቸው። ከዚህ የተነሣ መልኩም፣ ስሙም፣ ውስጣዊ ሬዲዮውም አንድ የሆነ ስልክ በአንድ አገር ተገዝቶ በሌላ አገር ሲሠራበት ዳታ እንደ ልብ ይወስዳል፣ ድምፅ ግን አያወጣም። ኤ.ቲ. ኤንድ ቲ. ፌብሩዋሪ 22 ቀን 2022 በአሜሪካ 3ጂን ሲዘጋ የሚሠሩትን ስልኮች በስም ዝርዝር አውጥቶ ነበር፤ በዝርዝሩ ያልተካተተ ስልክ 4ጂ መሆኑ ብቻ አላዳነውም። እኔ በበኩሌ «ተስማሚ» የሚለው ቃል በሙያችን መዝገበ ቃላት ውስጥ ካሉት ቃላት ሁሉ ይበልጥ የሚያሳስት ነው እላለሁ። ከምን ጋር፣ ለየትኛው አገልግሎት፣ በየትኛው መረብ የሚሉት ካልተጨመሩበት ትርጉም የለውም።

ወደ አውስትራሊያ እንመለስ። ቴልስትራ 3ጂን በጁን 2024 እንደሚዘጋ ያስታወቀው ከአምስት ዓመት አስቀድሞ በ2019 ነበር። ማንም ማስጠንቀቂያ አልተሰጠንም ሊል አይችልም። ሆኖም ቀኑ ሲቃረብ አንድ ያልተጠበቀ ነገር ወጣ። በተለመደው ጥሪ ጊዜ በቮ.ኤል.ቲ.ኢ. በደንብ የሚሠሩ አንዳንድ ስልኮች፣ የአደጋ ጊዜ ቁጥር የሆነው 000 ሲደወል ብቻ ወደ 3ጂ እንዲወርዱ በፋብሪካ ተደርገው ኖሯል። የአደጋ ጥሪ ተራ ጥሪ አይደለም፤ ስልኩ የራሱን መረብ ባያገኝ የማንኛውንም ድርጅት መረብ እንዲጠቀም፣ ሲም ካርድ እንኳ ሳይኖረው እንዲያልፍ ተለይቶ የተሠራ መንገድ አለው። ያ መንገድ በብዙ ስልኮች የተጻፈው በ3ጂ ዘመን ሲሆን፣ ኋላ ተራው ጥሪ ሲታደስ እሱ ሳይታደስ ቀረ። በማርች 2024 መንግሥት እንዲህ ያሉ ስልኮች ከ740 ሺህ በላይ መሆናቸውን አስታወቀ።

ይህ ለምን ሳይታወቅ ቆየ ቢባል መልሱን ለመሐንዲስ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ሆኖም ልናገረው። ተራው ጥሪ በየቀኑ ራሱን ይፈትናል፤ ቢበላሽ ባለቤቱ ጠዋት ይቆጣል፣ ከሰዓት በኋላ ወደ ሱቅ ይሄዳል። የአደጋ ጥሪ ግን የሚፈተነው በአደጋ ቀን ብቻ ነው። ለሙከራ ብሎ 000 መደወል አይፈቀድም፤ መከልከሉም ትክክል ነው። በመሆኑም ስልኩ ሙሉ ምልክት እያሳየ፣ በየቀኑ እያነጋገረ፣ እጅግ የሚያስፈልግበት ሰዓት ሲደርስ ብቻ የማይሠራ ሆኖ ለዓመታት በኪስ ሊኖር ይችላል።

የመዝጊያው ቀን መጀመሪያ ወደ ኦገስት 31፣ ቀጥሎ ወደ ኦክቶበር 28 ቀን 2024 ተሸጋገረ። ቴልስትራና ኦፕተስ በዚያ ቀን ዘጉ፤ ቮዳፎን በዓመቱ መጀመሪያ ላይ ቀደም ብሎ ዘግቶ ነበር። ደንበኞች ስልካቸውን እንዲመረምሩ 3 ቁጥርን ጽፈው ወደ 3498 መልእክት እንዲልኩ ተደረገ።

እናዘዘዋለሁ ያልሁት እዚህ ላይ ነው። አክስቴ በሜልበርን ከተማ ይኖራሉ፤ ዕድሜያቸው ከሰባ ዓልፏል፣ የልብ ሕመምም አለባቸው። ስለ መዘጋቱ በሰሙ ጊዜ ደውለው ጠየቁኝ። «ልጄ፣ አንተ የተማርኸው ይህንኑ አይደለም? የኔ ስልክ ይዘጋል ወይ?» አሉኝ። ስልኩ የአክስቴ ልጅ ከዱባይ ገዝቶ የላከላቸው ነው። «እትዬ፣ ከላይ በኩል ምን ተጽፎ ይታይዎታል?» ብላቸው «4ጂ» ብለው አነበቡልኝ። «እንግዲያው አያስቡ» አልኋቸው። ይህን ስናገር ከላይ የጻፍሁትን ሁሉ አውቅ ነበር። ዕውቀቱ ነበረኝ፤ ነገር ግን ጥያቄው ከአክስቴ ሲመጣ እንደ መሐንዲስ ሳይሆን እንደ ሱቅ ሻጭ መለስሁ። በሦስተኛው ሳምንት የቤተ ክርስቲያን ወዳጃቸው መልእክቱን ወደ 3498 ላከችላቸው፤ መልሱም ስልኩ መለወጥ አለበት የሚል ሆነ። አክስቴ አልተቆጡኝም። «አንተ እንኳ ካላወቅኸው እኛ ከየት እናውቀዋለን» ብቻ አሉኝ፤ ከቁጣ የባሰ ነበር።

ከኦክቶበር 28 ጀምሮ የጸናው ደንብ ድርጅቶቹ 000 መደወል የማይችለውን ስልክ ሙሉ በሙሉ ከመረባቸው እንዲያግዱ ያስገድዳል። ዳታ ቢወስድም ይታገዳል። ይህ ብዙ ሰው አስቆጥቷል፤ በተለይ ከውጭ አገር ስልክ ይዘው የገቡትን። እኔ ግን ደንቡን እደግፋለሁ። የሞተ ስልክ ባለቤቱን አያታልልም፤ ግማሽ የሚሠራ ስልክ ግን ያታልላል።

ነገሩ በዚያ አላበቃም። በ2025 መጨረሻ ወደ 70 የሚደርሱ የሳምሰንግ ሞዴሎች፣ የቮዳፎን መረብ ብቻ በሚገኝበት ቦታ 000 ሲደወል የተዘጋውን የቮዳፎን 3ጂ እንዲፈልጉ ተደርገው እንደ ነበር ታወቀ። አብዛኞቹ ፕሮግራማቸው ሲታደስ ይስተካከላሉ፤ የቀሩት መጣል ነበረባቸው። በኖቬምበር 2025 በሲድኒ አንድ ሰው በእንዲህ ያለ ስልክ ወደ 000 የተደረገው ጥሪ ሳይገናኝ ቀርቶ መሞታቸውን የቮዳፎን ባለቤት የሆነው ድርጅት ራሱ አስታወቀ። መረቡ ከተዘጋ ሁለት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ነበር የቀረው፤ ስልኩ ግን አሁንም ይፈልገው ነበር።

አውሮፓ ሌላ መንገድ መርጧል፤ ባጭሩ ልጥቀሰው። ጀርመን በ2021 3ጂን ስትዘጋ አሮጌውን 2ጂ አስቀርታለች። ከማርች 2018 ጀምሮ በአዳዲስ የመኪና ዓይነቶች ላይ የተገደደው የአደጋ መጥሪያ የተነደፈው በ2ጂና በ3ጂ እንዲደውል ስለሆነና በርካታ ቆጣሪዎችም በ2ጂ ስለሚናገሩ፣ ታናሹ ሞቶ ታላቁ ቀረ። በ1991 የተወለደው ዘዴ ተተኪውን ቀብሮ አሁንም ይሠራል።

በእኛ አገር የተንቀሳቃሽ ስልክ በ1999 በአዲስ አበባ ከጀመረ ወዲህ የመጡት ትውልዶች ጎን ለጎን ይሠራሉ፤ የገጠሩም ሰው ባለ ቁልፍ ስልኩን ይዞ በ2ጂ ይነጋገራል። ስለዚህ ጥያቄው ገና ወደ ደጃችን አልደረሰም። የሚደርስበት ቀን ግን በየገበያው ከየአገሩ ተጭኖ የሚገባው ስልክ የትኛው በየትኛው መረብ ድምፅ እንደሚያወጣ፣ የትኛውስ ለፖሊስና ለአምቡላንስ እንደሚደውል የሚናገር መዝገብ በእጃችን ካልኖረ፣ እኛም እንደ እኔ «ከላይ ምን ተጽፎ ይታይዎታል?» እያልን መመለሳችን ነው።

አክስቴ አዲስ ስልክ ገዙ። አሮጌውን ለፋሲካ ወደ አገር ቤት ለምትመጣ ሴት አስይዘው ላኩት። ሲም ካርድ አስገብቼ ሞከርሁት፤ ወዲያው ወደ 3ጂ ወርዶ አነጋገረ። አሁን እናቴ ይዛዋለች፤ በየእሑዱ ለአክስቴ የምትደውለው በእርሱ ነው።