የኡሁሩ ሳተላይት ሞዴል
ዲሴምበር 12 ቀን 1970 (እ.ኤ.አ.) ኬንያ ሰባተኛ የነፃነት በዓሏን ስታከብር፣ ይህች ሳተላይት በማሊንዲ አቅራቢያ ባሕር ላይ ከቆመው የጣሊያኖች የሳን ማርኮ መድረክ ተተኮሰች። ስሟም ለዚሁ ነፃነት ክብር ኡሁሩ ተባለ። ለኤክስሬይ ሥነ ፈለክ ብቻ የተሠራች የመጀመሪያዋ ናት።

ጀርባ ለጀርባ የተገጠሙትን ሁለት መቀበያዎች ልብ ይበሉ፤ ሳተላይቷ ቀስ ብላ ስትሽከረከር ሰማዩን ያስሱ ነበር። 339 የኤክስሬይ ምንጮች ተመዘገቡ። ከሁሉ የሚደንቀው ግን በጋላክሲ ክምችቶች ውስጥ የተገኘው፣ በሚሊዮኖች ዲግሪ የጋለ ጋዝ ነው፤ ክብደቱ ከከዋክብቱ ድምር ይበልጣል።

የዚህ ጋዝ ክብደት ለሌላ ትልቅ ጥያቄም ይጠቅማል፤ የዩኒቨርስ ቅርጽ ጠፍጣፋ ይሁን ጎባጣ የሚወስነው በውስጡ ያለው የቁስና የኃይል መጠን ነው። የፊዚክስ ሊቁ አላን ጉት በ1981 ያቀረበው፣ ዩኒቨርስ ገና ሲጀምር በቅጽበት ተለጠጠ የሚለው ሐሳብ ቅርጹ ጠፍጣፋ እንደሚሆን ተነበየ፤ የኋላ ልኬቶችም ይህንኑ ደገፉ። ጋዙንና ከዋክብቱን ጨምሮ ተራ ቁስ ሁሉ ተደምሮ ግን ለጠፍጣፋነቱ ከሚያስፈልገው 5 በመቶ ገደማ ብቻ ነው።