ደብርና ደን

ከደጀን ተነሥቶ በብቸና በኩል ወደ ሞጣ የሚያልፍ መንገደኛ ደብረ ወርቅ እስኪደርስ ድረስ ግራና ቀኙን የሚያየው እርሻ ነው። የጤፉ ማሳ፣ የስንዴው ማሳ፣ የግጦሹ መስክ እስከ አድማስ ተዘርግቷል፤ ከባሕር ዛፍ በስተቀር ዓይን የሚያርፍበት ዛፍ እምብዛም የለም። በዚህ ገላጣ አገር መካከል ጠቆር ያለ አረንጓዴ ጉብታ ከሩቅ ብቅ ሲል፣ በውስጡ ቤተ ክርስቲያን መኖሩን ማንም ሳይነግረው ያውቃል። በጎጃም ደጋ ደብርና ደን የተለያዩ ስሞች ይሁኑ እንጂ የተለያዩ ነገሮች አይደሉም።

ደብረ ወርቅ ማርያም ስመ ጥር ከሆኑት የጎጃም አድባራት አንዷ ናት። ትውፊት ምሥረታዋን ወደ አብርሃና አጽብሐ ዘመን፣ ይኸውም ወደ አራተኛው መቶ ዓመት ይወስደዋል፤ በውስጧ ያለችውን የእመቤታችንን ሥዕልም የወንጌላዊው የሉቃስ እጅ ሥራ ናት ይላል። የታሪክ ተመራማሪ ትውፊትን እንደ ሰነድ አይቆጥረውም። ይሁን እንጂ አንድ ሕዝብ ስለ አንድ ቦታ ያለው እምነት ራሱ ታሪክን የሚሠራ ኃይል መሆኑን ሊክድ አይችልም። በሌላው ኮረብታ ላይ ያረፈውን መጥረቢያ በዚህ ቅጽር ደጃፍ ያስቆመው ይኸው እምነት ነውና።

ቅጽሩን ተሳልሞ የሚገባ ሰው እርምጃውን ሳያስበው ያዘገያል፤ ድምፁንም ዝቅ ያደርጋል። በደገኛው አገር በብዛት የሚታየው ክብ ቤተ ክርስቲያን በሦስት ይከፈላል፦ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ። ጽዱ፣ ወይራው፣ ዋንዛውና ኮሶው ደግሞ ከውጭ ዙሪያውን ከበው አራተኛ ክፍል የሆኑለት ይመስላል። መቅደሱ ልብሱን እንደ ለበሰ ሁሉ ዛፉም የመቅደሱ ልብስ ነው።

ይህ አራተኛ ክፍል ግን የጸሎት ስፍራ ብቻ ሆኖ አልኖረም። የቅኔ ተማሪ ከመምህሩ ምሥጢሩን ከሰማ በኋላ ወደ ዛፉ ጥላ ወጥቶ ለብቻው ቅኔ ሲቆጥር ይውላል። ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ድረስ ሰሙን ከወርቁ የሚያስማማው በዚያ ዝምታ ውስጥ ነው። በልጅነታቸው ደብረ ወርቅን ጨምሮ በጎጃም አድባራት ቅኔ የተማሩት ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ለአንባቢ ሲያቀርቡ፣ የዚህ ትምህርት ቤት ፍሬ ወደ አዲሱ ሥነ ጽሑፍ ተሻገረ። እንግዲያውስ ዛፉን የሚቆርጥ እጅ ማገዶ ብቻ አይደለም የሚወስደው፤ የቃል ጥበብ የተወለደበትን ቤት ያፈርሳል።

የሩቅ አገር ታሪክ ይህን ያጠናክራል። በጃፓን የሺንቶ ቤተ መቅደስ ያለ ዛፍ አይታሰብም፤ ቤቱን የሚከበው ደን «ቺንጁ ኖ ሞሪ» ይባላል። ሆኖም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1906 የጃፓን መንግሥት ትንንሾቹ ቤተ መቅደሶች ከትልልቆቹ ጋር እንዲዋሐዱ አዘዘ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በአሥር ሺህ የሚቈጠሩ ቤተ መቅደሶች ተዘጉ፤ ባለቤት ያጣው ደናቸውም በየቦታው ለእንጨት ተሸጠ። ሚናካታ ኩማጉሱ የተባለው ሊቅ ቤተ መቅደሱ ሲፈርስ ዛፉ፣ ዛፉ ሲወድቅ የመንደሩ ትዝታና አንድነት አብሮ እንደሚጠፋ በጽሑፍ ተከራከረ፤ በ1910ም ስለዚሁ ታሰረ። ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ ማኅበሩ ከተበተነ ደኑ ግንድ ሆኖ ይቀራል።

በኢትዮጵያ የየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ቤተ ክርስቲያን ትተዳደርበት የነበረውን ሰፊ መሬት ሲያስቀር፣ በርካታ የቅጽር ደኖች ያን ዘመን ተሻግረዋል። ያሻገራቸው ካህኑና ምእመኑ የተቀባበሉት «አይነካም» የሚለው ያልተጻፈ ሕግ ነው።

ነገር ግን ሕጉ ብቻውን አይበቃም። የደን ተመራማሪው ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን አጥንቶ 168 የእንጨት ዕፀዋት ዝርያዎችን መዝግቧል። ከብት ገብቶ በሚግጥበትና በሚረግጥበት ስፍራ ችግኝ እንደማያድግም አሳይቷል። ይህ ማለት ሽማግሌው ወይራ ቆሞ ሳለ ልጅ ላይኖረው ይችላል ማለት ነው። በየደብሩ ሕዝቡ ከእርሻው ድንጋይ ለቅሞ የካበው አጥር መልስ የሆነውም ለዚህ ነው፤ ማሳው ከድንጋይ ይጸዳል፣ ደኑም ይጠበቃል።

ምሽት ሲሆን የደብሩ ዛፎች ጥላ ከቅጽሩ ወጥቶ በታረሰው መሬት ላይ ይረዝማል። ድሮ ጥላው ያረፈበት ማሳ ሁሉ ደን እንደ ነበረ ጽዱ ምስክር ነው። ምስክሩ እንዲናገር ግን ከሥሩ ቁጭ ብሎ ቅኔ የሚቆጥር ልጅ፣ ከጎኑም የምትበቅል አንዲት ችግኝ ያስፈልጉታል።